ከደንገል የተማሩ መምህር
የአለቃ ገብረ ሐና የሕይወት ታሪክ

ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሠመራ የሚሄድ መንገደኛ በአፋር ቆላ ሲጓዝ አዳይቱ ወደምትባል ከተማ ይደርሳል። በዚያ አገር ፀሐይ ትበረታለች፥ ምድሩም ደረቅ ነው። ነገር ግን የአዋሽ ወንዝ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ በወንዙ ዳር ለምለም ሣርና ቄጠማ ይታያል። ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ቄጠማው ሁሉ በአንድነት ጐንበስ ይላል፤ ነፋሱ ባለፈ ጊዜ ደግሞ በአንድነት ቀና ይላል። ውኃ ሊቀዳ የወረደ ልጅና ግመል ሊያጠጣ የመጣ እረኛ ይህን ነገር በየቀኑ ያያሉ። አብዛኛው ሰው አይቶ ያልፋል። ጥቂቱ ግን ቆም ብሎ ይመለከታል፥ በልቡም ደስ ይለዋል።

እንዲህ ያለው ደስታ ገንዘብ አይጠይቅም። ለሀብታምና ለድኃ፥ ለሽማግሌና ለሕፃን እኩል የተሰጠ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው እንደ ትንሽ ነገር ይቈጥረዋል። ነገር ግን ትንሽ የሚባለው ደስታ በአስተዋይ ሰው ልብ ውስጥ በገባ ጊዜ ታላቅ ሥራ ይወልዳል። ይህም እውነት መሆኑ በአንድ መምህር ሕይወት ይታወቃል። እኒህ መምህር ከአዋሽ እጅግ ርቆ በሚገኘው በጣና ባሕር አጠገብ የኖሩ ሲሆኑ፥ ስማቸው አለቃ ገብረ ሐና ይባላል።

የአለቃ ገብረ ሐናን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ብቻ ነው። መምህር መሆናቸውን፥ ሊቅ መሆናቸውን፥ ከሁሉም ይልቅ በውኃ ዳር ከበቀለ ደንገል ተምረው ለሌሎች ያስተማሩ መሆናቸውን የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም።

አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በ1814 ዓ.ም. ገደማ፥ በበጌምድር በፎገራ፥ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባል ደብር አገር እንደ ሆነ ይነገራል። ፎገራ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሜዳውን አልፈው ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሣሩ ይለመልማል። ስለዚህ አገሩ ከጥንት ጀምሮ በላሞቹ የታወቀ ነው፤ የፎገራ ላም በወተቷ የተመሰገነች ናት። በዚያ አገር የሚያድግ ልጅ የውኃን ድምፅ፥ የሣርን ሽታ፥ የወፎችን ጩኸት ከፊደል አስቀድሞ ይማራል።

ገብረ ሐና ግን በእረኝነት አልቀሩም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ገቡ። በዚያ ዘመን ትምህርት እንደ ዛሬው በቀላሉ አይገኝም ነበር። ልጁ አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያ በኋላ ንባብን፥ ዳዊትን ይማራል። ንባቡን ከጨረሰ በኋላ ዜማ ቤት፥ ቀጥሎም ቅኔ ቤት፥ በመጨረሻም መጻሕፍት ቤት ይገባል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ጥሩ መምህር ወዳለበት አገር በእግሩ መሄድ ነበረበት። ልብሱ የበግ ለምድ፥ መያዣው አኮፋዳ፥ ማደሪያው ትንሽ የሣር ጎጆ ነበረ። እንጀራውን በየደጁ እየለመነ ያገኛል፤ ሲለምንም ውሻ ያባርረዋል። ይህን ሁሉ ታግሦ የሚማር ተማሪ እውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ያውቅ ነበር።

ከትምህርቱ ሁሉ ለገብረ ሐና የተስማማቸው ቅኔ ነበረ። ቅኔ ሁለት ትርጕም ያለው ንግግር ነው። ላይኛው ትርጕም ሰም ይባላል፤ በውስጡ የተሸሸገው ትርጕም ግን ወርቅ ይባላል። አንጥረኛ በሰም ዙሪያ ጭቃ ለብጦ ሰሙን ካቀለጠው በኋላ በሰሙ ስፍራ ወርቅ እንደሚያፈስስ፥ ባለ ቅኔም እንዲሁ በአንድ ቃል ውስጥ ሌላ ምሥጢር ያኖራል። ይህን የሚማር ተማሪ የየቃሉን ገጽታ ሁሉ እየገለበጠ ማየት አለበት። ገብረ ሐና ይህን ትምህርት ጠንቅቀው ስለ ተማሩ፥ ቃልን ሰምተው በፍጥነት ሌላ ትርጕም የማግኘት ልማድ አደረባቸው። በኋላ ዘመን አገር ሁሉ የሳቀበት ቀልዳቸው ከዚህ ከቅኔ ቤት የወጣ ነው።

ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ በጎንደር ከተማ በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን መምህር ሆኑ። ጎንደር በዚያ ጊዜ የነገሥታት ከተማ መሆኗ እየደከመ ቢሄድም፥ የሊቃውንት ከተማ መሆኗ አልቀረም ነበር። አርባ አራት ታቦት ያለባት ከተማ ትባል ነበር። ከጎጃም፥ ከትግራይ፥ ከላስታ፥ ከወሎ፥ ከሸዋ የተነሡ ተማሪዎች ወደ እርሷ ይመጡ ነበር። በዚህች ከተማ መምህር ለመባል ብዙ ማወቅ ያስፈልጋል። አለቃ ገብረ ሐና ሐዲሳትን በመተርጐም፥ ፍትሐ ነገሥትን በማወቅ፥ በዜማና በአቋቋም የተመሰገኑ ሊቅ ነበሩ ይባላል።

ሊቅ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱ የከበደ፥ ሳቁ ያነሰ ይመስለናል። አለቃ ግን እንዲህ አልነበሩም። የዕለት ኑሮን ትንንሽ ደስታዎች እጅግ ይወዱ ነበር። ከወዳጅ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጦ መብላትን፥ ጨዋታን፥ በቃል መቀላለድን ይወዱ ነበር። ገበጣ በመጫወትም የታወቁ እንደ ነበሩ ይነገራል። ገበጣ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ጨዋታ ነው፤ በእንጨት ወይም በመሬት ላይ በተቈፈሩ ጉድጓዶች ጠጠር እየበተኑ ይጫወቱታል። እንዲሁ ሲታይ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ የማይቈጥር ሰው አያሸንፍበትም።

ስለ አለቃ የሚነገሩት ቀልዶች ሁሉ ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ናቸው። በውስጣቸው እንጀራና ወጥ፥ ጠላና ጠጅ፥ በቅሎና አህያ፥ እንግዳና ባለቤት፥ ባልና ሚስት ይገኛሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ በብዙዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ ይነሣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ባልዮውን በቃል የሚረቱት እርሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው ተራ ነው ብሎ የናቀውን ነገር አለቃ አንሥተው ሲያገላብጡት አዲስ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የሰማቸው ሰው ሁሉ ስቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፥ በመንገድም ላገኘው ሰው ይነግራል።

ነገር ግን መልካም ስጦታ ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢላዋ እንጀራም ይቈርጣል፥ እጅም ይቈርጣል። የአለቃም አንደበት እንዲሁ ነበረ። ከቀልዳቸው አንዳንዱ ያዘነውን ያጽናና ነበር፤ አንዳንዱ ግን የተቀለደበትን ሰው ያሳፍር፥ ያቈስልም ነበር። ትልቅ ሰው በሸንጎ መካከል ሲሳቅበት አይረሳም። እንዲህ እየሆነ ወዳጆቻቸው ሲበዙ፥ ቂመኞቻቸውም አብረው በዙ። ባለሥልጣኖች ተቀየሙአቸው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሡ። ንጉሡ ብርቱና ቍጡ ነበሩ፤ አገሩን አንድ ለማድረግ ይደክሙ ስለ ነበር ቧልትንና ሥራ ፈትነትን አይወዱም ነበር። ከዚህም በላይ በካህናት ብዛትና በቤተ ክርስቲያን ርስት ምክንያት ከሊቃውንቱ ጋር ተጣልተው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀልደኛ ሊቅ በንጉሥ ፊት መኖሩ የሚያስፈራ ነገር ነው። አለቃ ከንጉሡ ጋር መስማማት አልቻሉም። በመጨረሻም ጎንደርን ትተው ሄዱ፤ ከብዙ መንገድ በኋላ በጣና ባሕር ውስጥ ወዳለው ወደ ሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳም ገቡ ይባላል። ጎንደርም ራስዋ ብዙ መከራ አገኛት፤ በ1859 ዓ.ም. የንጉሡ ሠራዊት ዘረፋት፥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም በእሳት ተቃጠሉ።

አለቃ በዚያን ጊዜ ያጡትን ነገር ማሰብ ይገባል። የሚያስተምሩበት ጉባኤ ቀረ። የሚስቁላቸው ወዳጆች ራቁ። የሊቃውንት ከተማ ከኋላቸው ቀረች። በከተማ ክብር የለመደ ሰው በደሴት ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ሁለት መንገድ በፊቱ አለ፤ አንዱ ያለፈውን እያሰቡ መቈጨት ነው፥ ሁለተኛው በፊቱ ያለውን እያዩ መማር ነው። አለቃ ገብረ ሐና ሁለተኛውን መረጡ።

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሰዎችም ስለ ስፋቱ ባሕር ይሉታል። በውስጡ ብዙ ደሴቶች አሉ፥ በደሴቶቹም ላይ ከጥንት ጀምሮ ገዳማት ተሠርተዋል። በዳሩ ደንገል የሚባል ረጅም ተክል ይበቅላል። ግንዱ ቀጥ ያለና ለስላሳ ነው፤ በራሱ ላይ እንደ ፀጉር የተበተነ ቅጠል አለው። ቁመቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። የባሕሩ ሰዎች ደንገሉን አጭደው፥ አድርቀው፥ በገመድ አስረው ታንኳ ይሠሩበታል። ደንገል በግብጽም ይበቅል ስለ ነበር የጥንት ግብጻውያን ታንኳም ይሠሩበት፥ እየሰነጠቁም እንደ ወረቀት ይጽፉበት ነበር።

ጧት ጣና ጸጥ ያለ ነው። ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ ከሩቅ ይመጣል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይነሣል። ማዕበሉ ወደ ዳር በደረሰ ጊዜ ደንገሉ ያዘነብላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አያዘነብልም፤ አስቀድሞ ፊተኛው፥ ቀጥሎ ሁለተኛው፥ ቀጥሎ ሦስተኛው ጐንበስ እያለ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። ከዚያም ፊተኛው ቀና ይላል፥ ሌላውም ይከተለዋል። አይሰበርም፤ አይቸኵልም፤ ከባልንጀራው ጋር አይጋጭም። አለቃ ገብረ ሐና በዚህ ደስ ተሰኙ። ደጋግመውም ተመለከቱት።

እርሳቸው የዜማ ሊቅ ስለ ነበሩ ደንገሉ ሌላ ነገር አሳሰባቸው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በበዓል ቀን ካህናት ተሰልፈው ቆመው ይዘምራሉ። ይህም ሥርዓት አቋቋም ይባላል። አስቀድሞ በድምፅ ብቻ ይዜማል፤ ይህም ቁም ይባላል። ከዚያ በኋላ መቋሚያውን ወደ ላይና ወደ ታች፥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያንቀሳቀሱ ያዜማሉ፤ ይህም ዝማሜ ይባላል። ቀጥሎ በመረግድ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ። በመጨረሻም በጽፋት ዜማው ይፈጥናል፥ ከበሮው ይበረታል፥ እጅም ይጨበጨባል። ካህናቱ በዝማሜ ጊዜ የሚያደርጉትን ውዝዋዜ አለቃ በደንገሉ ውስጥ አዩት። ደንገሉ ማንም ሳያስተምረው በሥርዓት ያዘነብላል፤ በሥርዓት ቀና ይላል።

በእርግጥ ከፍጥረት መማር ለቤተ ክርስቲያን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት ከብዶት ሸሽቶ ሳለ፥ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀ ደጋግሞ የሚሞክር ትል አይቶ ትዕግሥትን እንደ ተማረ በታሪኩ ይነገራል። ያሬድ ከትል ትዕግሥትን ተማረ፤ ገብረ ሐና ደግሞ ከደንገል ሥርዓትን ተማሩ።

አለቃ ይህን ካዩ በኋላ እንዲሁ ተደንቀው አልቀሩም። ደስታቸውን ወደ ሥራ መለሱት። የቀደመውን ዜማ ሳይለውጡ፥ የቃሉንም ምልክት ሳያፋልሱ፥ ሰውነት ከዜማው ጋር የሚሄድበትን አዲስ ስልት አዘጋጁ። መቋሚያው እንደ ደንገል ዘንግ ያዘነብላል፤ ትከሻውና አንገቱም እንደ ማዕበል ቀስ ብሎ ይከተላል። ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ቢወዛወዝ ማንም አይከለክለውም፤ ብዙ ሰው በአንድ ልብ፥ በአንድ ጊዜ፥ በአንድ ልክ እንዲያዘነብል ማድረግ ግን እያንዳንዱን ዜማ እየለኩ መሥራት ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ፈተና መጣ። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ለመቀበል አልወደዱም ይባላል። በእነርሱ በኩልም ምክንያት ነበራቸው። ሥርዓቱን ከአባቶቻቸው የተቀበሉት በብዙ ድካም ነው፤ አንዱ ዛሬ አንድ ነገር ቢጨምር፥ ሌላው ነገ ሌላ ቢጨምር፥ ከጥንት የተላለፈው ይጠፋል ብለው ይፈሩ ነበር። ምናልባትም በቀልዱ የታወቀ ሰው ያመጣው ነገር ቀልድ መስሎ ታይቶአቸው ይሆናል። ሁልጊዜ የሚያስቅ ሰው ቁም ነገር ሲናገር የሚያምነው ጥቂት ነው። አለቃ በአንደበታቸው ያገኙት ዝና በዚያን ቀን በእጃቸው ሥራ ላይ እንቅፋት ሆነባቸው ማለት ይቻላል።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ተቈጥቶ ሥራውን ይተወው ነበር፤ ወይም የከለከሉትን ሰዎች ሲሰድብ ይኖር ነበር። አለቃ ግን ሰዎቹን ለማስገደድ ኃይል እንደሌላቸው ዐወቁ። አንድ ነገር ግን ቀርቶአቸው ነበር፤ ይኸውም ማስተማር ነው። ተክሌ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ለልጃቸው ያን ስልት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስተማሩት። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል እንደሚያኖር፥ እርሳቸውም ሥራቸውን በልጃቸው ልብ ውስጥ አኖሩ።

ተክሌ የአባታቸውን ትምህርት አልጣሉም። አድገውም መምህር ሆኑ፥ አባታቸው ያስተማሩአቸውንም ለሌሎች አስተማሩ። ስልቱን ደብረ ታቦር ተቀበለችው። ደብረ ታቦር በበጌምድር ከፎገራ ሜዳ በላይ በደጋው ያለች ከተማ ናት። በዚያ ያለው የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የዚህ አቋቋም ማስመስከሪያ ሆነ፤ ስልቱን ጠንቅቄ ዐውቃለሁ የሚል ሁሉ በዚያ ተፈትኖ ይመሰከርለታል። ከዚያም ትምህርቱ ወደ ሌሎች አድባራት ሄደ። ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት በታላላቅ በዓላት ካህናቱ ነጭ ልብስ ለብሰው፥ ጥምጥም ጠምጥመው፥ እንደ ውኃ ዳር ደንገል በአንድነት ሲያዘነብሉ ይታያል። ይህም ስልት የተክሌ አቋቋም ይባላል። ስልቱን ያገኙት አባት ናቸው፤ የተጠራው ግን በልጅ ስም ነው። መልካም መምህር ተማሪው ከእርሱ ይልቅ ሲጠራ አይቀናም።

አለቃ ገብረ ሐና ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሞቱ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ነግሠው በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። በዚያው ዓመት ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። አለቃም ወደ ሸዋ መጥተው በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት ይታዩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ጨዋታ ይወዱ ስለ ነበር የአለቃን ቀልድ በደስታ ይሰሙ ነበር ይባላል። ነገር ግን እዚያም ቢሆን አንደበታቸው አንዳንድ ጊዜ ችግር ሳያመጣባቸው አልቀረም። ሰው ያረጃል፤ ልማዱ ግን በቀላሉ አያረጅም።

በ1898 ዓ.ም. ገደማ፥ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፥ አለቃ ገብረ ሐና ዐረፉ። ቀልዳቸው ግን አብሮአቸው አልተቀበረም። ሰዎች በየቤቱ፥ በየመንገዱ፥ በየገበያው ሲያወሩት ኖሩ። እንዲያውም ሌላ ሰው የቀለደውን ሁሉ ለአለቃ መስጠት የተለመደ ሆነ፤ ስለዚህ በስማቸው ከሚነገረው ብዙው የእርሳቸው አይደለም። ሰው ደስ ያሰኘውን ነገር ሁሉ ለእርሳቸው መስጠቱ ግን ምን ያህል እንደ ተወደዱ ያሳያል።

እንግዲህ በዚህ ሕይወት ውስጥ ሁለት ዓይነት ደስታ ይታያል። አንዱ በአንደበት የሚመጣ ደስታ ነው፤ ይህ ቶሎ ይሰማል፥ ቶሎም ያስቃል። ባለቤቱ ካልተጠነቀቀበት ግን ወዳጅን ያርቃል፥ ከአገርም ያስወጣል። ሁለተኛው በዓይንና በልብ የሚመጣ ደስታ ነው፤ ይህ ዝም ብሎ ይገባል፥ ቀስ ብሎ ያድጋል፥ ፍሬውም ከዘመን በኋላ ይታያል። አለቃ በመጀመሪያው ደስታ በሕይወታቸው ሳሉ ዝነኛ ሆኑ። በሁለተኛው ደስታ ግን እርሳቸው ካለፉ በኋላ ያልተወለዱ ልጆች እንኳ ተጠቀሙ። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ልጓም፥ ሁለተኛው ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ደግሞም አለቃ ደንገሉን ያዩት በክብራቸው ቀን እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። በጎንደር ጉባኤ መካከል ሳሉ የደንገልን ንቅናቄ ለማየት ጊዜ አልነበራቸውም። ከከተማው በራቁ ጊዜ፥ ብዙ ነገር ባጡ ጊዜ፥ ከእጃቸው ያልወጣ አንድ ደስታ ቀረላቸው። ያም ደስታ ለማንም የተከለከለ አልነበረም። የባሕሩ ታንከኞች ደንገሉን በየቀኑ ያጭዱት ነበር፤ ወፎች በላዩ ይሰፍሩ ነበር፤ ሕፃናት በሥሩ ይጫወቱ ነበር። ልዩነቱ እርሳቸው ባዩት ነገር ላይ የሚያውቁትን ትምህርት መጨመራቸው ነው። ዜማ ያልተማረ ሰው ደንገልን ቢያይ ደንገል ብቻ ያያል። ትምህርት ማለት ሌላ ዓይን ማለት ነው።

ስለዚህ በአዳይቱም ሆነ በሌላ አገር ያለ ልጅ ደስታን ከሩቅ ብቻ መፈለግ የለበትም። በአፋር ምድር ብዙ የሚታይና የሚሰማ ነገር አለ። እናቶች የዘንባባ ቅጠል እየጐነጐኑ ምንጣፍ ይሠራሉ፤ እጃቸው የሚሄድበትን ሥርዓት ያስተዋለ ልጅ ቍጥርን ይማርበታል። ግመሎች ተከታትለው ሲሄዱ እርምጃቸው የተለካ ነው፤ ያን ያስተዋለ ልጅ ትዕግሥትን ይማርበታል። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ዳጉ በሚባለው ልማድ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይነጋገራሉ፤ ያን ያስተዋለ ልጅ ወሬን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መናገርን ይማርበታል። የአዋሽ ወንዝም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል፤ ነገር ግን እስከዚያ ድረስ በመንገዱ ያለውን ሁሉ እያጠጣ ይሄዳል፤ ይህንም ያስተዋለ ልጅ ብዙ ነገር ሊማርበት ይችላል።

ልጆች ሆይ፥ ነገ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ በመንገዳችሁ ካለው ነገር አንዱን መርጣችሁ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ካያችሁትም በኋላ ትምህርታችሁን በትጋት ተማሩ። ማየት ያለ ትምህርት መደነቅ ብቻ ነው፤ ትምህርትም ያለ ማየት ደረቅ ነው። ሁለቱ በአንድ ልብ በተገናኙ ጊዜ ግን፥ ነፋስ የሚያዘነብለው ደንገል እንኳ መምህር ይሆናል።